የአገር ቤት ሾፌር እንግሊዝ አገር ሲገባ፦ መንጃ ፈቃድ የማውጣት ሙሉ መንገድ

አገር ቤት 11 ዓመት ነድቻለሁ። ቅዳሜ መርካቶ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ፈልጌ አግኝቻለሁ። በክረምት ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርጄ፣ ዓባይን ተሻግሬ ደጀን ወጥቻለሁ። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የመንዳት ፈተና ግን ወደቅኩ። ዜብራው ጠርዝ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። እግሯ ገና አስፋልቱን አልነካም። "እስክትገባ አልፋለሁ" አልኩና አለፍኩ። ፈተናው ለእኔ እዚያው አለቀ። የቀረውን 25 ደቂቃ ለወግ ያህል ነዳሁት።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼም የአክስቴ ልጅም በዚሁ መንገድ ሲያልፉ አብሬአቸው ነበርኩ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴን እንዴት ነው የምቀይረው?"

መቀየር የሚባል ነገር አለ ወይ?

ለኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የለም። ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። ብሪታንያ መንጃ ፈቃዳቸውን ያለ ፈተና የምትቀይርላቸው አገሮች ዝርዝር አላት፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ 2 ዓመት የነዳም 20 ዓመት የነዳም እኩል ከሀ ይጀምራል፦ የተማሪ መንጃ ፈቃድ፣ የቲዎሪ ፈተና፣ የመንዳት ፈተና።

ግን ከመጨነቃችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። በሌላ አገር በኩል የመጣችሁ ናችሁ? የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች። ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌም አሉበት። ዱባይ ወይም ጆሃንስበርግ ስትኖሩ እዚያው ተፈትናችሁ ያወጣችሁት መንጃ ፈቃድ ካላችሁ፣ ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን አንስቶ በ5 ዓመት ውስጥ በ43 ፓውንድ መቀየር ትችላላችሁ። የተፈተናችሁት በማርሽ መኪና መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረባችሁ ግን የምታገኙት የአውቶማቲክ ብቻ ነው። ጣሊያን ወይም ስዊድን ተፈትናችሁ ያወጣችሁም እንዲሁ መቀየር ትችላላችሁ። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ሊባኖስ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ከእነዚህ የመጣ ሰው ከእኛ ጋር ይሰለፋል።

ይህ ሁሉ ስለ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው።

12 ወሩ የመንጃ ጊዜ አይደለም፣ የፈተና ጊዜ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ካላችሁ፣ ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ 12 ወር መንዳት ትችላላችሁ። ሰው ይህን ሲሰማ "አንድ ዓመት አለኝ" ብሎ ይቀመጣል። ሥራ ይፈልጋል፣ ቤት ይፈልጋል፣ ክረምቱ ያልፋል። በ10ኛው ወር ብንን ይላል።

ቆጠራው የሚጀምረው መሪ ከጨበጣችሁበት ቀን አይደለም። ኑሮአችሁን እዚህ ካደረጋችሁበት ቀን ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ደርሶ መመለስ ቆጠራውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም። ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ መያዝም 12 ወሩን አያራዝምም። ያራዝማል የሚላችሁ የሰፈር ዐዋቂ አይጠፋም፤ አትስሙት።

በዚህ ዓመት ውስጥ የተማሪ መንጃ ፈቃድ ብታወጡም፣ 12 ወሩ እስኪያልቅ እንደ ሙሉ ሾፌር ብቻችሁን መንዳት አይከለከልም። ሲያልቅ ግን በአንድ ሌሊት ተማሪ ትሆናላችሁ። መኪናው ላይ ከፊትም ከኋላም ቀይ "ኤል" መለጠፍ አለባችሁ። አጠገባችሁ ዕድሜው ቢያንስ 21 የሆነ፣ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ከያዘ 3 ዓመት የሞላው ሰው መቀመጥ አለበት። ሞተርዌይ ላይ ደግሞ ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር፣ ድርብ ፔዳል ባለው መኪና ካልሆነ አይገባም።

ብቻችሁን ከነዳችሁ ኢንሹራንሱም አብሮ ይፈርሳል። ያለ ኢንሹራንስ መያዝ ማለት ፖሊስ እዚያው 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ የሚቀጣበት ጥፋት ነው፤ መኪናውንም ሊወስደው ይችላል። "ትራፊኩን አናግሬ" የሚባል ነገር እዚህ የለም። ካሜራው ታርጋውን አንብቦ ኢንሹራንስ እንዳለውና እንደሌለው ይለያል።

እንግዲህ የእኔ ምክር፦ በመጀመሪያው ወር የተማሪ መንጃ ፈቃድ አውጡ። በ3ኛው ወር ቲዎሪውን ጨርሱ። ምክንያቱን ስለ ቀጠሮ ስናወራ ታዩታላችሁ።

የተማሪ መንጃ ፈቃድ፦ ስማችሁን ልብ በሉ

እዚህ ፕሮቪዥናል ይሉታል። የሚሰጠው ዲቪኤልኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በመንግሥት ድረ ገጽ ካመለከታችሁ 34 ፓውንድ፣ በፖስታ ከሆነ 43 ፓውንድ ነው። የፖስታው ቅጽ ዲ1 ይባላል፤ ፖስታ ቤት ይገኛል። ቢያንስ 185 ቀን የመኖር ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል። በ20 ሜትር ርቀት ያለ ታርጋ ማንበብ መቻል አለባችሁ፤ መነጽር ማድረግ ይፈቀዳል። የመታወቂያ ሰነድ፣ ካላችሁ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ ባለፉት 3 ዓመታት የኖራችሁባቸው አድራሻዎች ይጠየቃሉ። ከ3 ዓመቱ ውስጥ የአዲስ አበባው አድራሻም ይገባል። "22 ማዞሪያ፣ ከጎላጉል ጀርባ" ብላችሁ አትሙሉ እንጂ ክፍለ ከተማና ወረዳ ይበቃል።

አሁን ወደ ስም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። እዚህ ደግሞ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን አለ። አንዳንዱ የአባቱን ያስገባል፣ አንዳንዱ የአያቱን። ባንክ በአንዱ፣ መንጃ ፈቃድ በሌላው ይሆንና ኢንሹራንስ ሲገዛ ስሙ አልገጥም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፓስፖርቱ የትኛውን ስም የት እንዳስቀመጠው አይታችሁ እንደዚያው ሙሉ። ፀሐይ የሚለውን ስም በአንድ ቦታ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሌላው በሌላ ዓይነት አትጻፉ። የልደት ቀንም እንዲሁ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። የፓስፖርቱን ብቻ ተከተሉ።

ሌላ ደግሞ፣ ጉግል ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ ሁሌ የመንግሥት አይደለም። ያንኑ ቅጽ ሞልቶላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ የሚቀበል ነጋዴ ሊሆን ይችላል። የአክስቴ ልጅ በዚህ 40 ፓውንድ ተበልታለች። አድራሻው "ገቭ ዶት ዩኬ" የሚል መሆኑን ሳታዩ ካርድ አታስገቡ።

ቲዎሪ፦ መንዳት ማወቅ የማይበቃበት

ቲዎሪው 23 ፓውንድ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማለፍ ግድ ነው። አንዱን ወድቃችሁ ሌላውን ብታልፉ ሁለቱንም ትደግማላችሁ።

የመጀመሪያው ክፍል 50 ምርጫ ጥያቄ በ57 ደቂቃ ነው። 43 ማግኘት አለባችሁ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም የዌልስ ነው። ድሮ በሌሎች ቋንቋዎችም ድምፅ ነበረው፤ አስተርጓሚ ይዞ መግባትም ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሚያዝያ አካባቢ ቀረ። እንግሊዝኛችሁ ደከም ካለ በጆሮ ማዳመጫ ጥያቄው እንዲነበብላችሁ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ከማንበብ መስማት የሚቀለው ሰው ብዙ ነው።

የሚጠናው የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ሃይዌይ ኮድ ይባላል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። እንደ ልብ ወለድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አትግፉት፣ አይዘልቅም። መጀመሪያ ምልክቶቹን፣ ከዚያ የፍጥነት ወሰኑን፣ ከዚያ የመቆሚያ ርቀቱን ያዙ። በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ለመቆም 23 ሜትር ይፈልጋል። በ70 ማይል 96 ሜትር። ሁሉ ነገር በማይል መሆኑ ለእኛ አዲስ ነው። 30 ማይል ወደ 48 ኪሎ ሜትር፣ 70 ማይል ወደ 112 ኪሎ ሜትር እንደሆነ በጭንቅላታችሁ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ክፍል ሃዛርድ ፐርሴፕሽን ነው። ነባር ሾፌር የሚወድቀው እዚህ ነው። 14 አጭር ቪዲዮ ታያላችሁ። ወደ አደጋ እያደገ የሚመጣ ነገር ስታዩ ማውሱን ትጫናላችሁ። ቶሎ ባያችሁ ቁጥር ነጥቡ ይበዛል፤ ለአንዱ እስከ 5 ነው። ከ75 44 ማምጣት ያስፈልጋል። ችግሩ እኛ በጣም ቶሎ እናያለን። ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ሰው እንደሚወጣ የአዲስ አበባ ሾፌር ሳይነገረው ያውቃል። እና ሰውየው ገና ሳይታይ ይጫናል። ኮምፒውተሩ ነጥብ መስጠት የሚጀምረው ግን ነገሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ስትጠረጥሩ አንድ ጊዜ፣ ነገሩ ሲንቀሳቀስ ሌላ ጊዜ ተጫኑ። በላይ በላዩ መደብደብ ደግሞ ማጭበርበር ተብሎ ለዚያ ቪዲዮ ዜሮ ያሰጣል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተለማመዱት።

የቲዎሪ ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመንዳቱን ካላለፋችሁ ቲዎሪውን እንደገና ትፈተናላችሁ።

እጅን እንደገና ማስተማር

እዚህ ሰው በግራ ነው የሚነዳው። መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ። ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ ግን ቦታቸውን አልቀየሩም፤ እግር ቶሎ ይለምዳል። የሚያስቸግረው እጅና ዐይን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ማርሽ ስፈልግ የበሩን እጀታ ስይዝ ከረምኩ። ኋላ ማያ መስታወቱንም በቀኝ በኩል ስፈልገው በግራ አገኘዋለሁ።

ለነገሩ የእኛም አገር በግራ ነበር የሚነዳው። ወደ ቀኝ የዞረው በ1956 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ ሾፌሮች ይህን ግራ መጋባት በአንድ ቀን፣ አገር በሙሉ ቀምሶታል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ቀለለኝ።

ከሁሉ በላይ የሚፈትነው አደባባዩ ነው። አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ስትዞሩ ሐውልቱ በግራችሁ ነው። እዚህ በቀኛችሁ ይሆናል፤ የምትዞሩት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። እኛ አገር አደባባይ ላይ ቅድሚያው ወፍራም መኪና ላለው ሲሆን ስላየን ደንቡን እንንቀዋለን። እዚህ ግን ከመግባታችሁ በፊት መስመር መምረጥ አለባችሁ። ስትወጡም የግራ ፍሬቻ ማብራት ግድ ነው። ባዶ በሆነ ሰዓት፣ እሁድ ጠዋት ሄዳችሁ አንዱን አደባባይ ደጋግማችሁ ዙሩት። ሰው እብድ ይበላችሁ።

ሁለተኛው እግረኛ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ሃይዌይ ኮድ ተሻሽሎ፣ ዜብራ ላይ ለመሻገር ለቆመ ሰውም ቅድሚያ መስጠት ገባ። ወደ ሌላ መንገድ ስትታጠፉ ያንን መንገድ ለመሻገር የቆመ ካለም እንዲሁ። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። አገር ቤት እግረኛ እኛን ያየናል፣ እኛ ክላክስ እናደርጋለን፣ እሱ ይሮጣል። ያ ልማድ ከአእምሮ የሚወጣው በቃል ጥናት አይደለም። ዜብራ ባያችሁ ቁጥር እግራችሁን ከነዳጅ ማንሳት ልመዱ።

ክላክስም እንዲሁ። እዚህ "መኖሬን ልብ በል" ለማለት ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ ከምሽቱ 5፡30 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት መንፋት ክልክል ነው። በእኛ ሰዓት ነው የምለው። መብራት ብልጭ ማድረግም በደንቡ "እለፍ" ማለት አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምቶ ይፈራል። ባዶ መጋጠሚያ ላይ ቆሞ ያስባል፣ 30 በተባለ መንገድ በ18 ያዘግማል። ይሄም ስህተት ነው፤ ያለምክንያት መዘግየት ተብሎ ይመዘገባል።

አስተማሪ ያስፈልጋል ወይ? ሕጉ አያስገድድም። እኔ ግን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ውሰዱ እላለሁ። መንዳት ሊያስተምራችሁ አይደለም፤ ልማዳችሁን ሊነግራችሁ ነው። የአስተማሪው መስታወት ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ ሙሉ ፈቃድ አለው፤ ሮዝ ከሆነ ገና ሠልጣኝ ነው። ስትደውሉ "20 ሰዓት ልምምድ በአንድ ላይ ክፈል" የሚላችሁን እለፉ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ነድታችሁ አስተያየቱን ስሙ።

በማርሽ መኪና ካለፋችሁ አውቶማቲክም መንዳት ትችላላችሁ። በአውቶማቲክ ካለፋችሁ ማርሽ አይፈቀድላችሁም። አገር ቤት በማርሽ የነዳ ሰው ግራ እጁን ትንሽ ታግሦ በማርሽ ቢፈተን ይሻለዋል።

ቀጠሮ፦ ዓመቱ የሚያልቅበት ቦታ

የመንዳት ፈተና ቀጠሮ የሚያዘው ቲዎሪ ካለፋችሁ በኋላ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው። በብዙ ከተሞች ወራት ያስጠብቃል። 12 ወሩ ሳይታወቅ የሚያልቀው እዚህ ነው። በ8ኛው ወር ቲዎሪ ያለፈ ሰው በጊዜው የመፈተን ዕድሉ የመነመነ ነው።

በሥራ ቀን 62 ፓውንድ፣ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይም በበዓል 75 ፓውንድ ነው። ሩቅም ቢሆን ያገኛችሁትን ቀን ያዙ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ገጹን እየከፈታችሁ የተሰረዘ ቀጠሮ ፈልጉ። ሰው በየቀኑ ይሰርዛል። መቀየር ወይም መሰረዝ ያለባችሁ ቢያንስ 10 ሙሉ የሥራ ቀን ሲቀር ነው፤ ካለፈ ገንዘቡ ይቀልጣል። ቀጠሮ በውድ የሚቸረችሩ ሰዎች በዋትስአፕ ይመጡባችኋል። የመንጃ ፈቃድ ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ።

የፈተናው ዕለት

የተማሪ መንጃ ፈቃዱን ካርድ አትርሱ። ካርድ የለም ማለት ፈተና የለም ማለት ነው። በራሳችሁ ወይም በጓደኛ መኪና መፈተን ይቻላል፤ ኢንሹራንሱ ፈተናን የሚሸፍን፣ "ኤል" የተለጠፈበት፣ ለፈታኙ ተጨማሪ መስታወት ያለው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት የማይበራ መሆን አለበት።

መጀመሪያ የቆመ መኪና ታርጋ በ20 ሜትር ያስነብቧችኋል። ማንበብ ካቃታችሁ መኪናው ውስጥ ሳትገቡ ወደቃችሁ። ቀጥሎ ስለ መኪናው አንድ ጥያቄ አለ፤ ለምሳሌ ፍሬኑ መሥራቱን እንዴት ታረጋግጣለህ የሚል። እየነዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር አሳዩኝ ይባላል፤ የፊት መስታወት ማጠብ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ብትሳሳቱ ቀላል ስህተት ነው፤ አትደንግጡ።

መንዳቱ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ሰፋ ያለውን ክፍል ሳትናቪ (መንገድ የሚመራ መሣሪያ) ወይም ምልክት እየተከተላችሁ ራሳችሁ ትነዳላችሁ። መንገድ ብትስቱ አይቆጠርባችሁም፤ ለማስተካከል ድንገት ብትጠመዘዙ ግን ይቆጠራል። አንድ የኋላ ማርሽ ሥራም አለ። እዚህ "ና ና ና... በቃ!" የሚል ልጅ የለም፤ በየአቅጣጫው ዞር ዞር ብላችሁ ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።

እስከ 15 ቀላል ስህተት ይፈቀዳል። አንድ ከባድ ስህተት ግን ይጥላል። ብዙ ነባር ሾፌር የሚቀጣው በስፖኪዮ ነው። እያየ ነው፣ ግን ዐይኑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። አንገታችሁን ትንሽ አዙሩ፤ ማየታችሁ ይታይ። መሪ ላይ እጅ ማጣመር ይጥላል የሚባለው ግን ወሬ ነው፤ መኪናውን እስከተቆጣጠራችሁ ድረስ ማንም አይጥላችሁም።

ከወደቃችሁ 10 የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ ያለውን ቀን መያዝ ትችላላችሁ። እኔ ሁለተኛውን በ4 ቀላል ስህተት አለፍኩ።

ካለፋችሁ በኋላ

ማለፋችሁ ሲነገራችሁ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ መንዳት ትችላላችሁ፤ ካርዱ በፖስታ ይመጣል። ግን ኢንሹራንሳችሁ የተማሪ ከነበረ ሳትነዱ ደውላችሁ አስቀይሩት። አገር ቤት ስንት ዓመት እንደነዳችሁም ንገሯቸው። አንዳንዱ ድርጅት ይቆጥረዋል፣ አንዳንዱ አይቆጥረውም። መዋሸት ግን አደጋ በደረሰ ዕለት ዋጋ ያስከፍላል።

ለ2 ዓመት በዐይን ላይ ናችሁ። በእነዚህ 2 ዓመታት ውስጥ 6 ነጥብ ከደረሰባችሁ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ከፕሮቪዥናል እንደገና ትጀምራላችሁ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ብቻውን 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። አንድ ጥሪ፣ ዓመት ሙሉ የለፋችሁበት ነገር።

መኪና ስትገዙ ኢንሹራንስና ታክስ ሳይኖረው መንገድ ላይ አይወጣም። 3 ዓመት ካለፈው ደግሞ በየዓመቱ ኤምኦቲ የሚባል ምርመራ አለው፤ የእኛ ቦሎ ዘመድ ነው። ለንደን ከሆናችሁ ርካሽ ያረጀ ናፍጣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ታርጋውን በዩሌዝ (አየር የሚበክል መኪና የሚከፍልበት የለንደን ደንብ) ገጽ አስገቡት። ደረጃውን ካላሟላ በነዳችሁበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ትከፍላላችሁ። ቤት ስትቀይሩ አድራሻውን ለዲቪኤልኤ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ካልሆነ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

ለንደን ውስጥ ሚኒካብ (በጥሪ የሚሠራ ታክሲ) ለመሥራት ያሰባችሁ፣ መንጃ ፈቃዱ ከተያዘ 3 ዓመት እንዲሞላ ይጠየቃል። የአገር ቤቱ ዘመን እዚያ ውስጥ አይገባም። ቶሎ ፈተናውን ማለፍ የሚጠቅምበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

የኢትዮጵያውን መንጃ ፈቃድ ማንም አይወስድባችሁም። ማሳደሻው ሲደርስ አሳድሱት። እኔ ባለፈው አዲስ አበባ ስገባ የወንድሜን መኪና ቁልፍ ተቀብዬ፣ በሩን ከፍቼ፣ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ቁልፍ ማስገቢያውን እየፈለግኩ ነው፣ ወንድሜ በመስኮት ጎንበስ ብሎ "መሪው እኮ በዚያ በኩል ነው" አለኝ።